ሉቺያኖ ቫሳሎ የማን ነው?

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳና ሐይቅ ከተማን አልፎ፣ የአምባሰልን ተራሮች ታክኮ፣ በውጫሌ በኩል ወደ ወልድያ ይወርዳል። ውጫሌን ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ በስም ያውቃታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ ፔትሮ አንቶኔሊ የተዋዋሉባት ስፍራ ናት። ከውሉ አንቀጾች መካከል ተማሪው በቃሉ የሚይዘው ዐሥራ ሰባተኛውን ነው፤ የዐድዋ ጦርነት መነሻ እሱ ነበርና ይህ ተገቢ ነው። ሦስተኛውን አንቀጽ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አስመራን በጣሊያን ወሰን ውስጥ ያስገባው ይህ አንቀጽ ነው። ዐሥራ ሰባተኛው በዐድዋ ድል ፈረሰ፤ የሦስተኛው ውጤት ግን እዚያው ቀረ። ውሉ በተፈረመ ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን ኤርትራ የሚባል ቅኝ ግዛት አወጀች። ከውሉ 46 ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ በዚያችው አስመራ ከኤርትራዊት እናትና የጣሊያን ወታደር ከሆነ አባት ሉቺያኖ ቫሳሎ ተወለደ። ይህ ልጅ አድጎ በ26 ዓመቱ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆነ፤ የአፍሪካ ዋንጫንም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ኢትዮጵያ ያንን ዋንጫ ያገኘችው በታሪኳ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ነው። ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ያሳየው ሰው ስም ግን እንደ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ወይም እንደ አጥቂው መንግሥቱ ወርቁ ስም በየሰዉ አፍ አይገኝም። በሚነሣበት ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማሳነሻ አብሮት ይነሣል፤ «ክልስ ነበር»፣ «ኤርትራዊ ነበር»፣ «ኋላ ጣሊያን አገር ገባ» ይባላል። ሦስቱም እውነት ናቸው። ከሦስቱ የሚወሰደው መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው፤ ይህ ምዕራፍም የሚሟገተው ያንን መደምደሚያ ነው። ሉቺያኖ ቫሳሎ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ዳር ላይ ብቅ ብሎ የጠፋ እንግዳ አይደለም። የ1954 ዓ.ም. ቡድን ጉልበቱን ያገኘው አገሪቱ ዳር አድርጋ ከምታያቸው ስፍራዎችና ሰዎች ነበር፤ ከአስመራ ሰፈሮች፣ ከድሬዳዋ ፋብሪካዎች፣ ቅኝ ግዛት ወልዶ ከተዋቸው ልጆች። ሉቺያኖ የዚህ ሁሉ መገናኛ ነው። እሱን በማሳነሻ ካለፍነው የሚጎድለን የአንድ ተጫዋች ክብር ብቻ አይደለም፤ ዋንጫው እንዴት እንደተገኘ የምናውቅበት መንገድም አብሮ ይጠፋል።

የተወለደበትን ጊዜ ልብ እንበል። ከልደቱ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፋሽስት ጦር መረብን ተሻገረ። እስከዚያ ድረስ የጣሊያን ሕግ ለክልስ ልጆች ጠባብም ቢሆን በር ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው ደንብ አንዳንዶቹ አድገው የጣሊያን ዜግነት እንዲጠይቁ ይፈቅድ ነበር። ከወረራው በኋላ በሩ ደረጃ በደረጃ ተዘጋ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጣሊያናዊ ወንድ ከአፍሪካዊት ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። በግንቦት 1932 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል፣ ስሙንም እንዳያወርሰው ከለከለ፤ የልጁን ማሳደጊያ ሙሉ በሙሉ በእናቲቱ ላይ ጣለ። ሉቺያኖ ያኔ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም። አንድ መንግሥት ወታደሮቹን ልኮ ልጅ ካስወለደ በኋላ ልጁ እንዳልተወለደ ይቆጠር ብሎ በሕግ ሲጽፍ፣ የዕዳው ተሸካሚ ማን እንደሚሆን ለመገመት ምርምር አያስፈልግም። የአስመራ እናቶች ተሸከሙት።

ይህ የፋሽስቶች ሥራ በስፖርት ሜዳም ቀድሞ ታይቶ ነበር። ሊዮኔ ጃኮቫቺ የሚባል፣ ከጣሊያናዊ አባትና ከኮንጎ እናት የተወለደ ቦክሰኛ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1928 ሮም ላይ ማሪዮ ቦሲሲዮን አሸንፎ የጣሊያንና የአውሮፓ የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ወዲያው ጥቁር ሰው ጣሊያንን በአውሮፓ ፊት ሊወክል አይገባውም የሚል ጽሑፍ በጋዜጣ ወጣ፤ ድሉም ቀስ በቀስ ከመታሰቢያ ተፋቀ። ጃኮቫቺን የማነሣው ለማነጻጸር ነው። እሱን የናቀችው አባቱ የተወለደባት አገር ናት። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የተሻለ ሥራ ሠርታለች፤ ክልሱን ልጅ አምበል አድርጋዋለች፣ ዋንጫውንም በንጉሠ ነገሥቱ እጅ አስረክባዋለች። ያን ጊዜ ያደረግነውን ዛሬ በመዘንጋት እንዳናፈርሰው ነው ክርክሬ።

በአገር ቤት ያለው አስተሳሰብ ግን ለሉቺያኖ ቀላል ነበር ማለት አይቻልም። በእኛም ሆነ በኤርትራ ደጋ ሰው የሚታወቀው በአባቱ ነው። የማን ልጅ ነህ ተብሎ ሲጠየቅ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ አገሩን መቁጠር ይጠበቅበታል። አባቱ ሌላ፣ ይባስ ብሎም የቅኝ ገዢው ወታደር የሆነ ልጅ በዚህ ቆጠራ ውስጥ ቦታ የለውም። ጣሊያኖቹ ጥቁር ነህ ሲሉት፣ የእናቱ ወገኖች ዲቃላ ሲሉት ማደጉን ሉቺያኖ ራሱ በዕድሜው ማምሻ ተናግሯል። በአስመራ የክልሶች ቡድን የሆነው ስቴላ አስማሪና የተቋቋመው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ከሁለቱም ወገን የተገፉ ወጣቶች የራሳቸውን ማሊያ ለበሱ። ሉቺያኖ ለታላላቆቹ ጨዋታዎች የደረሰው በዚህ ቡድን በኩል ነው። ትምህርቱን ትቶ መካኒክነት ተምሮ ነበር፤ የእጁ ሙያም እስከ እርጅናው ድረስ እንጀራው ሆኖ ዘልቋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ስቴላ አስማሪና በጊዜው ያልተለመደ ዓይነት ቡድን አልነበረም። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ከጅምሩ የማኅበረሰቦች ኳስ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ በወረራው ዘመንም ጣሊያኖች ለ«አገሬው ሰው» ብቻ በለዩት ውድድር ሲጫወት፣ ኳሱ የማንነት መታያ ሆኖ ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሻምፒዮና ውድድር ሲጀመር ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተጋጠመው ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ተልእኮ ቡድን ጋር ነው። ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የትናንቱ ወራሪ ዜጎች ከትናንቱ ተወራሪ ጋር በአንድ ውድድር ይሰለፉ ነበር። ይህ ቅይጥ መሠረት ሳይታወቅ የ1954ቱን ቡድን አሰላለፍ የሚያይ ሰው፣ የቫሳሎ ስም በድንገት ከሰማይ የወረደ ሊመስለው ይችላል።

ሉቺያኖ ከአስመራ ቡድኖች ወጥቶ ድሬዳዋ ገባ። የተጫወተበት ክለብ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ቡድን፣ ኮተን ነበር። የኢትዮጵያ ሻምፒዮናን የአሸናፊዎች ዝርዝር ያየ ሰው የሚገረምበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1965 ባሉት ስድስት ዓመታት ዋንጫው አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አዲስ አበባ አልሄደም። በ1960፣ በ1962፣ በ1963ና በ1965 ኮተን ወሰደው፤ በ1961ና በ1964 ደግሞ እዚያው ድሬዳዋ የሚገኘው የሲሚንቶ ፋብሪካ ቡድን፣ ኢትዮ ሲሚንቶ ወሰደው። ሁለት ፋብሪካዎች፣ አንድ የባቡር ከተማ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትም የአስመራው ሐማሴን አሸናፊ ሆኖ ያውቃል። የዚህ ምክንያት የተሰወረ አይደለም። የዚያ ዘመን ተጫዋች ኖሮ የሚያድረው ከኳስ በሚያገኘው ሳይሆን ከሥራው በሚከፈለው ነበር። ፋብሪካ ማለት ደግሞ በየወሩ የማይቋረጥ ደመወዝ፣ በአንድ ስፍራ የተሰበሰበ ወጣት፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ልምምድ የሚያደርግበት ሜዳና ቡድኑ ሲያሸንፍ ስሙ የሚጠራለት አሠሪ ማለት ነው። ቤተ መንግሥት ስታዲየም ሊሠራ ይችላል፤ ተጫዋቹን ከዓመት ዓመት አንድ ላይ አቆይቶ የሚያላምደው ግን ፋብሪካው ነበር።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ከዚህ ሁሉ የተገኘ ነው። ተጋጣሚው በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ ነበረች። ግብጽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች አገር ናት፤ በሁለቱም ውድድሮች ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ረትታለች፣ አንዱን ካርቱም ላይ፣ ሌላውን ካይሮ ላይ። አሁንም በ35ኛው ደቂቃ በባደዊ አማካይነት ቀደመች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። የሕዝቡ ጩኸት ሳይበርድ፣ በ75ኛው ደቂቃ፣ ባደዊ ሁለተኛውን አገባ። ለማንኛውም ቡድን ወኔ የሚሰብር ጎል ነው። ጨዋታው ሊያበቃ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባና 2 ለ 2 ሆኑ። በተጨማሪው ሰዓት፣ በ101ኛው ደቂቃ፣ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ አደረጋት። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ውጤቱ 4 ለ 2 ነው።

ከአራቱ ጎሎች ሁለቱ የሁለት ወንድማማቾች መሆናቸው ብቻ አይደለም ቁም ነገሩ። የመጡበት ሰዓት ነው። የሉቺያኖን ጎል ከዚያ ጨዋታ ብናወጣ ተጨማሪ ሰዓት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፤ ኢትዮጵያ 2 ለ 1 ተሸንፋ ትወጣ ነበር። የመንግሥቱ ወርቁ ጎል፣ በየጊዜው የሚወሳው የይድነቃቸው ተሰማ የአመራር ጥበብ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የዋንጫ ሥነ ሥርዓት፣ ሁሉም በዚያች በ84ኛው ደቂቃ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ይህን ስል የሌሎቹን ድርሻ መቀነሴ አይደለም። መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎሎች ያስቆጠረ፣ ከአህጉሪቱ ምርጥ አጥቂዎች የሚቆጠር ሰው ነው። አንድን ድል ግን አስፈላጊ ከሆኑት ሰዎች ግማሹን በመዘንጋት ማክበር አይቻልም።

አንዳንዱ ሰው ድሉ ራሱ ይህን ያህል አያኮራም ብሎ ይከራከራል። ውድድሩ አራት አገሮች ብቻ የተሰለፉበት፣ ኢትዮጵያም አዘጋጅ በመሆኗ ማጣሪያ ሳትጫወት የገባችበት ነበር፤ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዝያን 4 ለ 2፣ በፍጻሜው ግብጽን አሸንፋ፣ በሁለት ጨዋታ ሻምፒዮን ሆነች። ክርክሩ መሠረት አለው፤ በቀላሉ መታለፍም የለበትም። አራቱ አገሮች ግን የቀሩት አራት ናቸው። እ.ኤ.አ. የ1962ቱ ውድድር ማጣሪያ የተደረገበት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ነው፤ ዘጠኝ አገሮች ተመዝግበዋል። በተከታዮቹ ሁለት ውድድሮች ሻምፒዮን የሆነችው ጋና እንኳ ከናይጄሪያ ጋር ሁለት ጊዜ አቻ ተለያይታ በዕጣ ወድቃለች። ቱኒዝያ አዲስ አበባ የደረሰችው ከናይጄሪያ ጋር የነበራት ጨዋታ በጭቅጭቅ ተቋርጦ ነው። ይህ የቀልድ ውድድር አይመስለኝም። በሌላ በኩል ቡድኑን ከሆነው በላይ ማግነንም አልፈልግም። በሚቀጥለው ውድድር ጋና ላይ ኢትዮጵያ አራተኛ ወጣች፤ ለሦስተኛ ደረጃ በተደረገው ጨዋታም ግብጽ 3 ለ 0 ተበቀለቻት። በ1960 ዓ.ም. እንደገና በአገሯ ስታዘጋጅ በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተረትታ አሁንም አራተኛ ሆነች። ጠንካራ ቡድን ነበር፤ ሁሉን የሚደፈጥጥ ቡድን ግን አልነበረም። የእኔ ክርክር የሚያርፈውም በቡድኑ ታላቅነት ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ነው።

ከዚህ የሚከብደው የኤርትራ ጥያቄ ነው። ከግብ ጠባቂው ግላሚካኤል ተክለማርያም ጀምሮ እስከ አዋድ መሐመድ፣ ክፍሎም አርአያ፣ በርሄ ጎይቶምና አስመላሽ በርሄ ድረስ በዚያ ቡድን ውስጥ የነበሩ ብዙ ተጫዋቾች ከኤርትራ የመጡ ነበሩ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተዋሐደችው በመስከረም 1945 ዓ.ም. ነው። ፌዴሬሽኑ የፈረሰው ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ሲሆን ከፍጻሜው ጨዋታ ዐሥር ወር ያህል ቆይቶ ነው። የትጥቅ ትግሉ ደግሞ ከጨዋታው በፊት፣ በ1953 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ተጀምሯል። ስለዚህ ዋንጫውን ያመጣው ቡድን በሥራ ላይ የነበረ ግን በመፍረስ ላይ ያለ የፖለቲካ ውል ውስጥ ነበር የተጫወተው። ዛሬ አንድ ኤርትራዊ ተነሥቶ «ያ ቡድን የእኛ ነው» ቢል ምን መልስ ይሰጠዋል? እኔ የማቀርበው መልስ አዎ፣ የእናንተም ነው የሚል ነው። የስፖርት ሰው እንደ ርስት መሬት ወሰን አይተከልለትም፤ አንዱ ስለቆጠረው ሌላው የሚያጣው ነገር የለም። የኤርትራ ታሪክ ሉቺያኖን ያሳደጉትን ሰፈሮችና ክለቦች ይዟል። የኢትዮጵያ ታሪክ ደግሞ የለበሰውን ማሊያ፣ የመራውን ቡድን፣ ያገባውን ጎል ይዟል። ስሕተቱ የሚመጣው ኤርትራ ነጻ ከወጣች በኋላ ባለው ካርታ ወደ ኋላ ተመልሶ የ1954ን ሜዳ ማካለል ሲጀመር ነው። በዚያ አካሄድ ከሄድን ግማሹን አሰላለፍ አስወጥተን በቀሩት ተጫዋቾች ግብጽን ያሸነፍን መስሎ ሊታየን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከልብ የሚወጣ ስለሆነ በተለይ ለወሎ ሰው በጥንቃቄ ሊመለስ ይገባዋል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ተደብድባለች፤ የቀይ መስቀል ምልክት የተሰቀለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ከማይጨው ጦርነት ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ ጠላት ደሴን ያዘ። ከሰሜን የመጣው ያ ጦር፣ በኤርትራ የተመለመሉ አስካሪዎችም ያሉበት፣ በዚሁ የሐይቅና የአምባሰል አገር በኩል ነው የወረደው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የጣሊያን ወታደር ልጅ የኢትዮጵያ ጀግና ነው ማለት ለሞቱት ስድብ አይሆንም ወይ ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው ከጥላቻ የመጣ አይደለም። መልሱ ግን የወንጀሉን ባለቤት በትክክል በማወቅ ይገኛል። ወረራውን ያዘዙት፣ መርዙን የረጩት፣ ሕጉን የጻፉት ሰዎች ይታወቃሉ። ጦሩ ደሴን ሲይዝ ሉቺያኖ የስምንት ወር ሕፃን ነበር። ከዚያም በላይ የፋሽስቱ ሕግ ከሌሎች ይልቅ በእሱ ዓይነት ልጆች ላይ ያነጣጠረ ነበር። የተወለደበትን ሁኔታ እንደ ጥፋት ቆጥረን ብንገፋው፣ በግንቦት 1932 የወጣውን ሕግ እኛ በገዛ እጃችን ሥራ ላይ ማዋላችን ነው። ሕጉ ይህ ልጅ የአባቱ አይደለም አለ፤ እኛም የእናቱ አገር አይደለም ካልን፣ የፋሽስቶችን ዓረፍተ ነገር ጨረስንላቸው። በዚህ ላይ መለሳለስ አልችልም።

ኋላ ወደ ጣሊያን መሄዱስ? ሉቺያኖ መጫወት ካቆመ በኋላ በጣሊያን የአሰልጣኝነት ትምህርት ተከታትሎ ተመልሷል፤ ብሔራዊ ቡድኑንም አሰልጥኗል። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በጅቡቲ በኩል አገር ጥሎ ወጣ። ያ ዘመን ስንት ምሁር፣ ስንት አርቲስት፣ ስንት የጦር መኮንን የወጣበት እንደሆነ ይታወቃል። የተሰደደውን ሁሉ ኢትዮጵያዊነቱን አንነጥቀውም። ለሉቺያኖ ሲሆን ግን ስደቱ እንደ ማስረጃ ይቀርብበታል፤ ቀድሞውንም ልቡ እዚያ ነበር ይባላል። ልቡ የት እንደነበረ ማንም ሊለካ አይችልም፤ እግሩ የት እንደነበረ ግን የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ዋንጫውን ሲያነሣ 26 ዓመቱ ነበር፤ እስከ 1970 ድረስ ባሉት ዓመታት ለኢትዮጵያ ሲሰለፍ ቆይቷል፤ ለጣሊያን አንድም ቀን አልተሰለፈም። ጣሊያን የገባው በስደተኛነት ነው። በሮም አጠገብ በምትገኘው ኦስቲያ ጋራዥ ከፍቶ በድሮ ሙያው ኖረ፤ ለሰፈር ልጆችም ኳስ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርዕስ እናቱን የሚጣራ ነው። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ አረፈ።

ስለ ጎሎቹ ብዛት አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም ለእሱ የሚቆረቆሩ ሰዎች ራሳቸው አንዳንድ ጊዜ ክርክሩን ያዳክሙታል። በ104 ጨዋታ 99 ጎል አግብቷል የሚል ቁጥር በየቦታው ይጠቀሳል። እኔ በዚህ ቁጥር አልመካም። የዚያን ዘመን የወዳጅነት ጨዋታዎች፣ የከተማ ምርጥ ቡድኖችና የብሔራዊ ቡድን ግጥሚያዎች በመዝገብ በጥራት አልተለዩም፤ ቁጥሩም አማካይ ሆኖ ለተጫወተ ሰው ከመጠን ያለፈ ነው። ይህ ተቀባይነት ቢያጣ ሉቺያኖ የሚጎዳው ምንም የለም። በአፍሪካ ዋንጫ ያገባቸው 8 ጎሎች የተመዘገቡ ናቸው፤ ከመንግሥቱ በሁለት ብቻ ያንሳሉ። ከዚህ ውስጥ አንዷ ብቻዋን ኢትዮጵያን ሻምፒዮን ለመሆን አብቅታለች። ሊረጋገጥ የማይችልን መቶ ጎል ከማወደስ የተረጋገጠችውን አንዲቱን ማስተማር ይሻላል።

ሉቺያኖን ወደ መሐል መመለስ ያለፈውን ከማረም አልፎ ከዚያ በኋላ የመጣውንም ያስረዳል። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ለምን ወደቀ ሲባል የሚሰማው መልስ ብዙውን ጊዜ ስለ ወኔ ነው፤ የድሮዎቹ ለባንዲራ ይሞቱ ነበር፣ የአሁኖቹ ግን አይሞቱም ይባላል። ይህ መልስ ምንም አያስረዳም፤ ወኔ የአንድ ትውልድ ብቻ ሀብት ሆኖ አያውቅም። ቡድኑ የቆመባቸውን ምሰሶዎች ብናይ ግን ውድቀቱ ቀስ በቀስ ግልጽ ይሆናል። አስመራ ለሠላሳ ዓመት በጦርነት ውስጥ ገባች፤ የተጫዋች ምንጭ የነበሩት ሰፈሮች ወታደርና ስደተኛ ማፍራት ጀመሩ፤ በመጨረሻም ከተማዋ የሌላ አገር ዋና ከተማ ሆነች። የድሬዳዋ ፋብሪካዎች ከአብዮቱ በኋላ ተወረሱ፤ የቀድሞ ጉልበታቸውም ተመልሶ አልመጣም፤ ኮተን ለመጨረሻ ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ከማኅበረሰቦቹ ክለቦች የጣሊያኖቹ፣ የግሪኮቹና የአርመኖቹ ሰዎች አገር ለቀው ወጡ። ልምዳቸውን ለወጣቱ ያስተላልፉ የነበሩት እንደ ሉቺያኖ ያሉ አሰልጣኞችም ተሰደዱ። እ.ኤ.አ. ከ1982ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ ኢትዮጵያ ለ31 ዓመት የአፍሪካ ዋንጫን ሳታይ ቀረች፤ ተመልሳ የተሰለፈችው በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው። በእነዚህ 31 ዓመታት ውስጥ አዲስ አበባ ስታዲየሙም፣ ፌዴሬሽኑም፣ የሚጮኸው ሕዝብም ነበሯት። ያልነበራት ተጫዋቹን ቀጥሮ፣ አብልቶ፣ ከዓመት ዓመት አብሮ የሚያቆየው ፋብሪካና ከዳር ከተሞች ወደ ብሔራዊ ቡድን የሚያመጣው መንገድ ነው።